የግራው ጎማ አራተኛ ዳዶ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ አንድ ጎልማሳ በሬን አንኳኳ። ሰማንያን ካለፍኩ ወዲህ የኔን በር የሚያንኳኳው ወይ የዕድር ለፋፊ ነው፣ ወይ ቤት የተሳሳተ ሰው። ይኼኛው ከሁለቱም አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ትንሽ ጥቁር መኪና፣ መብራቷ እንደ ጉጉት ዓይን የፈጠጠ፣ ተወልውላ ፀሐይ የምታንጸባርቅ። አወቅኳት።

«አባባ፣ ገዝቼ እያደስኳት ነው። አንኮበር ሄጄ ስጠይቅ፣ ድሮ ብሎኗን ለቅሞ የሰበሰበው ሰው አለ ብለው ወደ እርስዎ ላኩኝ።»

«አለሁ። እና?»

«የግራ የፊት ጎማዋ አንድ ዳዶ ጎድሏል። ሦስቱ የጥንት ናቸው። በአራተኛው ቦታ የማይሆን ዳዶ በግድ አስገብተውበት የብሎኑን ጥርስ በልቶታል። ብሎኑን እንደምንም አገኘሁ፤ ዳዶውን ግን በኢንተርኔት ሳይቀር ፈልጌ አጣሁ።»

«ቁጭ በል» አልኩት። ቁጭ አለ። የነገርኩት ግማሹን ነው፤ እዚህ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

መኪናዋ የቀኛዝማች ደምሴ ነበረች። በእርግጥ የሳቸውም አልነበረችም፤ ጣሊያን ሲሸሽ ከአንኮበር ወጣ ብሎ ካለው ግቢያቸው አጠገብ ጥሏት ሄደ፣ እሳቸውም የኔ ናት አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? ከዚያ ወዲያ ጉም ሲወጣና ሲወርድባት፣ ዶሮ ሲፈለፈልባት ቆመች። እኔ ነፍስ ሳውቅም እዚያው ነበረች። የአገሩ ሰው ደግሞ በጨለመ ቁጥር የሚበጀውን ይፈታባት ነበር። ብረት በዚያን ጊዜ እንደ ዛሬው በየመንገዱ አይወድቅም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀኛዝማች ለጥር ልጃቸውን ወደ ደብረ ብርሃን ሊድሩ ሆነ። ሌላ ባላባት ልጁን በመኪና ሸኘ ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ሙሽሪት በበቅሎ አትሄድም አሉ። ከደብረ ብርሃን ጋሽ ሰይድ የሚባል መካኒክ አስመጡ። ሰይድ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየና ጭንቅላቱን ያዘ።

«ሞተሩን ኢንሻአላህ አስነሣዋለሁ። ግን በምን አስሬ ላቁመው? በገመድ? ብሎኑን እኮ ጨርሳችሁ በልታችሁታል!»

ሱቅ ያለው ብሎን ለጭነት መኪና ነበር፤ ወፍራም፣ ጥርሱ ሰፊ። አዲስ አበባ የተላከውም ሰው አንድ ከረጢት ተሸክሞ መጣ፤ አንዱም እሺ ብሎ አልገባ። የሷ ብሎን ያለው የአገሩ ሰው ቤት ውስጥ ነው።

እኔ ያኔ ሃያ ቢሆነኝ ነው። በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ሾፌሩ ሲሰክር መሪ እየያዝኩ ነድቻለሁ። መኪናው ተሽጦ ሥራ ፈትቼ አባቴ ቤት ገብቼ ነበር። አባቴ የቀኛዝማች ጭሰኛ ነው። ቀኛዝማች አስጠርተው፣

«ተክሌ፣ ብሎኑን ሁሉ ሰብስበህ ካመጣህ መሪውን አንተ ትይዛለህ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ሾፌር መሆን ምን እንደነበር የዛሬ ሰው አይገባውም። ካፖርት ይሰጥሃል፣ ጫማ ይሰጥሃል። ስትገባ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። አባቴ ለማንም ሲነሣ የኖረ ሰው ነው፤ ለሱ ልጅ የሚነሣ ሰው ማየት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ጥቅምትና ኅዳርን ቤት ለቤት ዞርኩ። የባቄላ እሸት የደረሰበት ጊዜ ነው፤ የገባሁበት ቤት ሁሉ ይቀነጥሱልኛል፣ ጠላ ይቀዱልኛል፣ ብሎን ስል ፊታቸው ይጠቁራል። አንዱ ሞፈሩን አጥብቆበታል። አንዲት አሮጊት ሱፍ የምትፈትልበት እንዝርት ታች ሰክታዋለች፤ እንዝርቱም እውነቴን ነው በደንብ ይሾር ነበር። ቅቤ ነጋዴው በሚዛኑ ላይ ይመዝንበታል፤ በምን ልመዝን ቢለኝ፣ በሕሊናህ አልኩት፣ ተቆጣ። የመሪጌታ በቅሎ ቃጭል ምላሱ ብሎን ነው።

«በቅሎዬን ዲዳ ልታደርጋት?» አሉኝ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ ሰው ጠላውን የሚሸሽገው እኮ ቃጭሉን ሲሰማ ነው።»

ትንሽ አሰቡና በገዛ እጃቸው ፈቱልኝ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ዳዶ ቀረ፤ የግራው የፊት ጎማ። «ይኼ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ ጎማው ሲሽከረከር እንዳይፈታው ነው። ሌላ ዳዶ ወላሂ አይሆነውም» አለኝ ሰይድ።

ያገኘሁት ከገደሉ አፋፍ በታች፣ አስካለ የምትባል የጭሰኛ ሚስት ቤት ነው። ልጇ ደጅ ላይ የተቆላ ባቄላ ያኝካል። ዳዶው በጥቁር ክር አንገቱ ላይ ነው።

«እታለም፣ ይኼ የመኪናዋ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። እኔው ነኝ የፈታሁት።»

«ቀኛዝማች ይፈልጉታል።»

«እሳቸው የማይፈልጉት ምን አለ?»

እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋን አላነሣችም።

«ከዚህ በፊት ሦስት ቀብሬያለሁ። ሦስቱም ድክ ድክ ሲሉ ነው የሞቱብኝ። ይኼ ልጄ ምትኩ ሊቆም ሲፍጨረጨር፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ፈለግኩ። ከብቱ ይነዳል፣ ሰዉ ይሰደዳል፣ ጣሊያን እንኳ ከነመድፉ ተነቀለ። እሷ ብቻ ቆማለች። ልጄም እንደሷ ይቁምልኝ ብዬ ከላይዋ ፈትቼ አሰርኩለት። አሁን ደግሞ አንተ ልታስነሣት መጣህ።»

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ያኔም አላምንም ነበር። ልጅ የሚሞተው በኩፍኝና በተቅማጥ ነው። ለቀኛዝማች አንድ ቃል ብናገር አሽከራቸው መጥቶ ክሩን በቢላ ይበጥሰዋል፤ እሷም ይህን ታውቃለች። አልለመነችኝም፣ አላለቀሰችም። ልጁን አንሥታ ታቀፈችና ዳዶውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አንዱ እዚህ ከቀረ፣ መኪናዋ ሙሉዋን ተነሣች አይባልም» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ቀና ብላ አየችኝ። «እንደሱ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ!» ብያት ወጣሁ።

ሰይድን በሦስት ዳዶ ትሄዳለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ቀስ ብለህ ከነዳህ ትሄዳለች። ግን ሰውዬው ያዩታል» አለኝ።

አዩት። መኪናዋን እየዞሩ በከዘራቸው ጫፍ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ነካኩና ባዶው ላይ ቆሙ።

«ተክሌ፣ ይኼስ?»

«አላገኘሁትም፣ ጌታዬ።»

«አላገኘኸውም ወይስ ከለከሉህ? የከለከለህን ሰው ንገረኝ፤ መሪው ያንተ ነው።»

ሰይድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት ያያል። አባቴ ከአጥሩ በር ላይ ቆሟል። ካፖርቱ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝ መሰለኝ።

«አላገኘሁትም» አልኩ።

«እንግዲያው መሪውንም አታገኘውም። ድሮስ ፊደል ያልቆጠረ ሾፌር!»

ከአዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መጣ። የሱቅ ዳዶ አነሣና በረጅም መፍቻ እየረገጠ በግድ አስገባው፤ ጥርሱ ሲፈጭ ከአጥር ውጭ ሆኜ ሰማሁት።

የሠርጉ ዕለት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ከሚጠመዘዝበት ቆሜ ጠበቅኩ። ጎማው ሲወልቅ ለማየት ነው። አልወለቀም። ሙሽሪት ተሸፋፍና አለፈች፣ አቧራው እኔ ላይ ቀረ። አባቴ ያን ሰሞን አንድ ቃል አልተናገረኝም። በሳምንቱ በሶዬን ቋጥሬ ደብረ ብርሃን ገባሁና ጆንያ መሸከም ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ አርባ ሊሞላኝ ሲል። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብዬ ስሄድ፣ ዓይንህ ደክሟል ብለው መለሱኝ።

ምትኩ አለ። እሱም እዚሁ ደብረ ብርሃን ገብቶ፣ ከቤቴ በታች ቁልቁለቱ ጋ የጨው ሱቅ አለው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ያኔ በማግሥቱ ዓመት ኩፍኝ ገብቶ የዚያን አገር ልጅ ሲጨርስ እሱን አለፈው። በዳዶው ነው አልልም። ክሩን ስንት ጊዜ እንደቀየረው እንጃ፣ ዳዶው ግን ዛሬም አንገቱ ላይ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ከሸሚዙ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ከመልበስ ብዛት ለስልሷል። ጨው ስገዛ ይመዝንልኛል፣ ሒሳቤን እከፍላለሁ፣ እወጣለሁ። ምን እንዳስከፈለኝ አያውቅም። ቢያውቅስ ምን ያደርግልኛል?

ለእንግዳዬ ይህን አልነገርኩትም። እሱ ግን አልተወኝም፤

«አባባ፣ ያ ዳዶ አንድ ሰው ቤት ይኖር ይሆን? የጠየቁትን እከፍላለሁ።»

«አላገኘሁትም አልኩህ እኮ። ቶርኖ ቤት ወስደህ አስቀርጸው። ወደ ግራ የሚጠብቅ በላቸው፣ እንዳይሳሳቱ።»

«ጥንታዊው ቢሆን ነበር የሚያምረው» አለ፣ ቅር እያለው።

ሸኘሁት። ታጥፎ ሲሄድ መንገዱ በምትኩ ሱቅ በኩል ነው የሚያልፈው። በሬ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ምትኩ ከሱቁ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ነበር፣ ኮቱን ለብርዱ እስከ አንገቱ ቆልፎ። ሰላምታ ተለዋወጡና ሰውዬው አለፈ። ከዚያ በሬን ዘጋሁ።