የአማቴን ዶሮ ስናክም

አማቴ ከብልባላ ወደ ላሊበላ እኛ ቤት ሲመጡ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን ይዘው በብብታቸው አንዲት ገብስማ ዶሮ አቅፈው ነበር። የቀረውን ዕቃ ባለቤቴ በአህያ ጭኖ ከኋላ ይከተላል። ዶሮዋን ግን ለአህያውም ለልጃቸውም አምነው አልሰጡም።

ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ እናቱ ለብቻቸው መቅረታቸው እንቅልፍ ይነሳው ስለነበር ለምኖ፣ አማላጅ ልኮ ነው ያመጣቸው። እኛ ቤት ግን አልረጉም። ወንበር ሳቀርብላቸው ጫፉ ላይ ለአፍታ ያርፉና «ቆይ ልጄ፣ ይቺን ነገር ላንሳ» ብለው ይነሣሉ። የሚነሣ ነገር የለም። ግቢውን ይዞራሉ፣ አጥሩን ይነካካሉ፣ ወደ ጓዳ ገብተው ጋደም ይላሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ። ምሳ እንኳ ቆመው ነበር የሚጎርሱት።

እኔም ያን ሰሞን ከእሳቸው የተሻልሁ አልነበርሁም። ወጥ ቤት የምሠራበት ሆቴል እንግዳ ስላጣ አንዱን ሳምንት ገብተን ሌላውን እያረፍን ነበር። ሥራ የለመደ እጅ ሲፈታ ምን እንደሚይዝ አያውቅም። ስልኬን አንሥቼ ማንም እንዳልደወለ አያለሁ፤ የታጠበ ሳህን መልሼ አጥባለሁ። ሁለት መቀመጥ ያልቻሉ ሴቶች በአንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ስንተላለፍ እንውል ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቤተ ክርስቲያን አለመግባታቸው ነው። ሰው ከየአገሩ በእግሩ ተጉዞ የሚሳለመው ደብር ከቤታችን ሥር ነው። እሳቸው ግን ከላይ ከአፋፉ ላይ ይቆማሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሰግዳሉ፣ ወደ ታች ሳይወርዱ ይመለሳሉ። ባለቤቴ ደረጃው ከብዷቸው ነው ይላል። እኔ ደግሞ ከአገራቸው ስላፈናቀልናቸው አኩርፈው ነው ብዬ አስብ ነበር።

ዶሮዋ የታመመችው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ጠዋት ከቆጧ ወርዳ የበተንሁላትን ገብስ አልለቀመችም። ጅራቷን ዝቅ አድርጋ፣ እግሯን አንፈራጣ ቆመች። ጭድ ወዳነጠፍንላት ቅርጫት ትገባለች፣ ታምጣለች፣ ባዶዋን ትወጣለች፣ ደግሞ ትገባለች። እንደ ወትሮዋ አታስካካም፤ ከጉሮሮዋ ቀጭን ድምፅ ብቻ ይወጣል። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አየቻትና ይቺ የማትድን ናት፣ በጾም የሚበላት የለም እንጂ ዛሬውኑ ትታረድ ነበር አለች። አማቴ ፊታቸውን ወደ እሷ እንኳ ሳያዞሩ «አትታረድም» አሉ።

እኔ ሥራ አገኘሁ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ወረድሁ። ሐኪሙ ስለ ዶሮ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው እንደሌለው ነግሮኝ፣ ሳቅ ብሎ፣ ግን በደንብ አስረዳኝ። እንቁላሉ ተቀርቅሮባት ይሆናል፤ ለብ ባለ ውሃ ጨው ጨምራችሁ ከወገቧ በታች ንከሯት፣ መውጫዋን ቫዝሊን ቀቡላት፣ ሆዷን ግን እንዳትጫኑ፣ ውስጧ ከተሰበረ ትሞታለች አለኝ። ሥጋዋ ተከትሎ ከወጣ ደግሞ አጥባችሁ በንጹሕ እጅ ቀስ ብላችሁ መልሱት፤ እብጠቱ አልቀንስ ካለ ስኳር ነስንሱበት፣ ፈሳሹን ይመጥጥላችኋል፤ ከዚያ ጨለማ ቦታ ዝጉባት፣ ብርሃን ካላየች እንቁላሉ ይዘገይላታል አለ። ጓንት ሰጠኝ። ልወጣ ስል፣ ብትድንም እንደገና እንቁላል ስትጥል ሊመለስባት እንደሚችል እንዳውቀው ብሎ አከለልኝ።

ስመለስ አማቴ በራችን ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ውሃውን ለብ አድርገው፣ ሳፋውን አጥበው አዘጋጅተዋል። ዶሮዋን ነከርናት። መጀመሪያ ተንፈራገጠች፣ ኋላ ሙቀቱ ሲሰማት ዓይኗን ከደነች። እሳቸው ክንፎቿን ይዘው ጎንበስ ብለዋል፤ እኔ ተንበርክኬአለሁ። ብዙ ከቆየን በኋላ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈችና እንቁላሉ ወጣ። ትልቅ ነበር፤ ደም ነክቶታል። እፎይ ከማለታችን ሥጋዋ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ተከተለው። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። የጎረቤት ዶሮዎች ሮጠው መጥተው ሊነቁሩት ሲሉ በእግሬ አባረርኋቸው።

ጓንቱን አጠለቅሁ። አጠብሁት፣ ቫዝሊን ቀባሁት፣ በጣቴ ወደ ውስጥ መለስሁት። ወጣ። እንደገና መለስሁት፤ እንደገና ገፍታ አወጣችው። ለሦስተኛ ጊዜ ልገፋው ጣቴን አስጠጋሁ።

«ቀስ በይ» አሉ አማቴ። «ስታምጥ አትግፊ፤ ያምሻል እንጂ አይገባም። ትንፋሿን ስትሰበስብ ጠብቂ።»

ጠበቅሁ። ስትላላ ገፋሁት፤ ገባ። ጣቴን እንዳላነሣ፣ እስኪረጋ እንድይዘው ነገሩኝ። ያዝሁት። «ያምሻል» ማለታቸው ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ዝም ከማለት ብዬ፣ ይህን ከፍየል ነው ከላም የተማሩት ብዬ ጠየቅኋቸው።

ክንፎቿን አስተካክለው ያዙ። ከዚያ ዶሮዋን እያዩ «በራሴ ነው የማውቀው» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው ላይ ያለውን አየሁና ገባኝ። እጄን ማንሣት አልችልም፣ ተነሥቼ መሄድም አልችልም። እሳቸውም ክንፎቿን መልቀቅ አይችሉም። እንደዚያ ተያይዘን ባንቀር ኖሮ የሚነግሩኝ አይመስለኝም።

ባለቤቴን ሲወልዱ ምጡ ጸንቶባቸው ነበር። አባትየው ቤት አልነበሩም፤ ለትምህርት ሩቅ ደብር ሄደዋል። እህሉ ደርሶ በረዶ ሲያሰጋ፣ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ፣ እሳቸው ከአራስ ቤት ተነሥተው ነዶ ተሸከሙ። ዳገቱ መካከል አንድ ነገር ከውስጣቸው ሸርተት ብሎ ሲወርድ ተሰማቸው። ነዶውን አላወረዱም፤ ቤት ደርሰው ነው ያዩት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልጅ አልወለዱም። በጋደሙ ጊዜ በእጃቸው ይመልሱታል፣ በጨርቅ ያስሩታል፤ ሲቀመጡ እንቁላል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ያደርጋቸዋል። አንዳንዴ ይቆስልና ይደማል። የሚደማ ሰውነት ይዤ እንዴት ደጀ ሰላም እረግጣለሁ አሉኝ። ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም ነበር፤ ወይም ያወቁ እንደሆነ አልተናገሩም።

«ለልጄ እንዳትነግሪው» አሉ መጨረሻ ላይ።

እሺ አልሁ። ዶሮዋን ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፈን ዕቃ ቤት ዘጋንባት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው እኔ አውቃለሁ። ዶሮዋ በማግስቱ መልሶ ወጣባት፤ አጥበን መለስንላት፤ በሌላውም ቀን እንዲሁ። አማቴ ስለ ራሳቸው አንድም ቃል ሳይደግሙ ውሃ ያሞቃሉ። እኔ ግን ወንበር ባየሁ ቁጥር እሳቸውን አስባለሁ። ባለቤቴ እራት ላይ «እማዬ፣ ኧረ ይቀመጡ» ሲል እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ እነሣለሁ። የነገርሁት ይመስለኝና እደነግጣለሁ፤ ያልነገርሁት ትዝ ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል።

አላስችል ሲለኝ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። አንዲት የማውቃት አዋላጅ አለች፤ የማን እንደሆነ ሳልናገር ነገሩን አስረዳኋት። እንዲህ ያለው የማህፀን መውረድ በዚህ ደጋ በየቤቱ እንዳለ፣ ሴቶቹ እስኪያረጁ እንደሚደብቁት፣ ግን የሚታከም እንደሆነ ነገረችኝ። አምጫቸው አለች።

ማምጣቱ ነው ጭንቁ። አማቴ በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ልገለጥ ወይ ብለው እምቢ አሉ። እኔም ዶሮዋን አትታረድም ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ ብል፣ እኔ ዶሮ አይደለሁም ብለው ወደ አጥሩ ሄዱ። ለብዙ ቀን አላነሣሁባቸውም። አንድ ከሰዓት ልብስ ሳሰጣ ግን ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እኔን የሚያስጨንቀኝ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?» አሉ። «ስሞት የሚገንዙኝ ሴቶች ማየታቸው ነው።»

እርጥቡን ነጠላ ገመዱ ላይ ጣልሁት። ከዚያ ያመጣልኝን ተናገርሁ። «ታዲያ እማማ፣ በሕይወት እያሉ አንዲት ሴት ሐኪም ትየው። ምናልባት ያኔ የሚታይ ነገር አይኖርም።»

ፊታቸውን መልሰው ወደ አጥሩ ሄዱ። በነጋታው ጠዋት ግን ታጥበው፣ ንጹሕ ቀሚሳቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

ሐኪሟ ደግ ነበረች፤ ስትመረምራቸው ስለ ብልባላ ገበያ ትጠይቃቸው ነበር። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፣ ለዚያ ደግሞ ወልድያ መውረድ ግድ ነው ተባለ። ባለቤቴን ሳንነግረው የሚሆን ስላልሆነ «የሆድ ዕቃ ነው» አልነው። እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አልጠየቀም። ከፋሲካ በኋላ ይዟቸው ሲሄድ መኪናው ውስጥ ፍራሽ አነጠፈላቸው። መቀመጥ እንደማይሆንላቸው ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እነሱ ወልድያ እያሉ ዶሮዋ ሞተች። ቁስሏ ጠግጎ፣ ከካርቶኑ ወጥታ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር መጫር ጀምራ ነበር። ሐኪሙ እንደፈራው መጀመሪያ በጣለችው እንቁላል መልሶ ወጣባትና፣ እኔ ሥራ ውዬ ስገባ አጥሩ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ቀበርኋት። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው ሳስብ ሰነበትሁ፤ እሳቸው ግን ተመልሰው ከመኪናው ሲወርዱ ፊቴን አይተው አወቁ። ደክሟት ነበር፣ ትረፍ አሉ። የቀበርሁበትን ቦታ እንኳ አልጠየቁኝም።

አማቴ ግን ዳኑ። ሐኪሞቹ እንዳይሸከሙ አስጠንቅቀዋቸው ስለነበር የውሃ ጀሪካን ባዩ ቁጥር እጃቸውን እየበላቸው ከእኔ ጋር ይጣላሉ። ሙሉ በሙሉ ሲጠግግላቸው የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ለብቻቸው አወሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በቀጣዩ የማርያም ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወርዱ ከኋላቸው ተከተልሁ። ከታች ግድግዳውን ተሳልመው፣ ከሴቶቹ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተነሡም።

የማልቀመጠው እኔ ሆንሁ። በቅዳሴው መካከል ሐሳቤ ወደ አገሬ ወደ ሙጃ ሄደብኝ። እናቴ እዚያ ናት። እሷም ነዶ ተሸክማለች፣ እሷም ብዙ ወልዳለች፣ እሷም ቡና ሳይፈላ ተነሥታ የምትዞር ሴት ናት። ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣሁ ደወልሁላት። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወንድሜ ካወራን በኋላ እንደምንም ብዬ ጠየቅኋት።

በር ስትዘጋ ሰማሁ።

«ይህን ደግሞ ምን አስጠየቀሽ?» አለችኝ ኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቅዳሜ እመጣለሁ አልኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።