ለልጆች የተባለው ፊልም

የፊልም ማሳያ አምፖል ሲግል ላዩ ላይ ያረፈው አቧራ ይጠበሳል። ሽታው የተቃጠለ ጨርቅ ይመስላል፤ ግን ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ በኮሌጃችን አዳራሽ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው እጄ ሳላዘው የእናቴን ቀሚስ ፈለገ። አጠገቤ የነበረችው ግን የክፍል ጓደኛዬ ናት። ቀሚሷን ጨምድጄ መያዜን ያወቅሁት እሷ ስትስቅ ነው።

የሚታየው የተሣለ ፊልም ነበር፤ እንስሳት የሚናገሩበት፣ ለቤተሰብ የሚሆን የተባለ። መምህራኑ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ በወንበር ሥር መሹለክለክ ጀመሩ፤ አባቶቻቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ስንወጣ ጓደኛዬ፣ እንዲህ ያለው ፊልም በልጅ ስም ለትልልቅ ሰዎች የሚሠራ ይመስለኛል አለችኝ። መልሴ ረጅም ነው። እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ጣሊያን በነበረበት ጊዜ ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከእኛ በላይ፣ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው በኩል፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ነበር። እዚያ የግንባታ ዕቃ የሚቀመጥበት ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። አንድ እሑድ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ በየደጁ እየዞረ፣ ለአገሬው ልጆች የሚሆን ሲኒማ በነፃ ይታያል፣ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መግባት ይችላሉ አለ።

የእኛ ሰፈር ያን ጊዜ ለቅሶ የሌለበት የሐዘንተኞች ሰፈር ነበር። ሰው ከየቤቱ በተለቀመበት ሰሞን የተወሰዱት አልተመለሱም፤ ሬሳቸውንም ያየ የለም። ድንኳን መጣል፣ ደረት መምታት፣ ጥቁር መልበስ አይቻልም። የተለቀሰበት ቤት የሽፍታ ዘመድ ቤት ነው ተብሎ ይፈተሻል። ከተወሰዱት አንዱ አባቴ ነበር። እናቴ ግን ባይከለከልም የምታለቅስለት አይመስለኝም። አልሞተም ትል ነበር፤ በሩንም ሳትቀረቅር ትተኛ ነበር።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሥራቸውን የሚጀምሩት በመጠየቅ ነው። ሟቹ እንዴት ይራመድ ነበር፣ ሲስቅ ምን ያደርግ ነበር እያሉ ከዘመድ ይሰበስባሉ። ከዚያ የሰበሰቡትን በግጥም አድርገው ለለቀስተኛው ይመልሱታል፤ ሟቹ በመካከል ቆሞ የታየ ያህል ይሆናል። ለቅሶ ከተከለከለ ወዲህ ሥራ ፈትተው ደጃቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ስለ አባቴም እናቴን ደጋግመው ጠይቀዋት ነበር። እናቴ ወሬ ትለውጥባቸዋለች።

መጋዘኑ ኖራና ነጭ ጋዝ ይሸታል። መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፍነዋል፤ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች የከሰዓት በኋላ ብርሃን እንደ ክር ይወርዳል። ማሳያው እንደ ስፌት መኪና መንቀጫቀጭ ሲጀምር የተጠበሰ አቧራ ሸተተኝ፤ ፊት ለፊት በተሰቀለው አንሶላ ላይ አንድ የተሣለ ቀጭን ሰውዬ ወጣ። ድምፅ የለውም። ጃንጥላውን ይዞ በመንገድ ሲሄድ፣ የመንገድ መዳመጫ መኪና ከኋላው መጥቶ ደፈጠጠው። እንደ ቆዳ መሬት ላይ ተነጠፈ። ከዚያ ከጫፉ ተጠቅልሎ ተነሳ፤ አቧራውን አራግፎ መንገዱን ቀጠለ።

እኛ ልጆቹ ጥቂት ሳቅን። ደግሞ ሲደፈጠጥ ሰለቸን። ከኋላችን ግን ሳቅ ቀርቶ ትንፋሽ አይሰማም። ዞር ስል የእናቶቹ ፊት ከአንሶላው በሚመለሰው ብርሃን አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው አይርገበገብም። ሰውዬው እንደገና ሲነሳ አንዲት ሴት በዝግታ፣ ለራሷ ያህል፣ «ልጄን» አለች። ወዲያው ሙሾ አውራጇ ድምፃቸውን ከማሳያው ድምፅ ሥር ሸሽገው ጀመሩ። የሴትዮዋን ልጅ አነሱ፤ ቁመቱን፣ አነጋገሩን። በጨለማው ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው፣ ለቅሶ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መጋዘኑ ይሞላል። እኛ ልጆቹ ውጭ የአሸዋ ክምር ላይ ስንንሸራተት፣ ትልልቆቹ ውስጥ ይጋፋሉ። ልጅ የሌላቸው ከበር ላይ ልጅ ይዋሳሉ። አንድ ሽማግሌ እኔን ተውሰው ገብተው፣ ቁጭ እንዳሉ ሂጂ ተጫወቺ ብለው አሰናብተውኛል። ለቅሶው በተራ ነበር። ከመግባታቸው በፊት ዛሬ የማን ነው ይባባላሉ።

በቆርቆሮው ስንጥቅ አሾልኬ አይ ነበር። ፊልሙ ያው አንድ ጥቅል ነው፤ ሌላ አልነበራቸውም። ግን የአናጢው ሚስት ተራ በደረሰ ጊዜ ሰውዬው አነከሰ። አናጢው አንካሳ ነበር። በሌላው እሑድ ለአንድ ዲያቆን ሲለቀስ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የተሣለ ነገር አረማመዱን እንደማይለውጥ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን አይቼዋለሁ። ለሌሎቹ ልጆች ስነግራቸው ከአሸዋው ላይ ወርደው ወደ ቤታቸው ሮጡ።

ማሳያውን የሚያንቀሳቅሰው ጣሊያን በሚያስቅ ፊልም ለምን እንደሚያለቅሱ አስተርጓሚውን ጠየቀው። አስተርጓሚው ወጥቶ ላብ ላብ እያለው ለሴቶቹ ነገራቸው።

«ሥዕል መሆኑ አልገባቸውም ብዬዋለሁ። በእናታችሁ፣ የገባው ሰው አትምሰሉ።»

«ለዚህ አታስብ የኔ ጌታ» አሉት ሙሾ አውራጇ፣ «እኛ መች ገብቶን ያውቃል?»

በሚቀጥለው እሑድ ጣሊያኑ ከሰል ይዞ መጣና፣ ሥዕል መሆኑን ሊያስረዳ፣ ሰውዬውን ግድግዳ ላይ ሣለላቸው። እግዜር ይስጥልን ብለው እጅ ነሱት። ከዚያ ተቀምጠው አለቀሱ።

እናቴ ለሌሎቹ ለማልቀስ ትሄዳለች፤ የራሷን ተራ ግን ትዘላለች። በመጨረሻ አስተርጓሚው ማሳያው ወደ ሌላ ከተማ ሊሄድ ስለሆነ የቀረው አንድ እሑድ ብቻ ነው አለ። ያን ዕለት ሙሾ አውራጇ ቤታችን መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም፣ እትዬ።»

«ሁሉም ሲነሳ አይተሻል። ይነሳልሻል። ምን ቸገረሽ?»

እሑድ እናቴ ፊቴን አጥባ፣ እጄን ይዛ ወጣች። ልትናገር ይሁን ልትተወው አላወቅሁም። ብትናገር አባቴ እንደሚሞት ግን ገብቶኝ ነበር።

ውስጥ ገብተን ቀሚሷን ይዤ ቆምኩ። ሙሾ አውራጇ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው አረማመዱን ጠየቋት። ሰውዬው ጃንጥላውን ይዞ ወጣ። መዳመጫው ከኋላው ብቅ አለ።

«ቀኝ ትከሻውን ያስቀድማል» አለች እናቴ። «ጠባብ በር እንደሚገባ ሰው።»

ሙሾ አውራጇ ጊዜ አልፈጁም፤

ቀኝ ትከሻህ ቀድሞ ሁሌ ስትራመድ፣
የቱ በር ጠበበህ፣ ቀረህ ከመንገድ።

አንሶላው ላይ ያለው ሰውዬ ቀኝ ትከሻውን አስቀደመ። አባዬ ልል አፌን ስከፍት መዳመጫው ደረሰበት። ተነጠፈ። ማሳያው እንደ መሳል ብሎ ተንተባተበ፤ ሥዕሉ ባለበት ቆመ። ከመሃሉ ቡናማ ነጥብ ወጥቶ እየሰፋ ሰውዬውን በላው፤ ከዚያ አንሶላው ባዶ ነጭ ሆነ።

ጣሊያኑ ተቃጥሎ የተበጠሰውን ፊልም አንስቶ አየው፤ ከዚያ የታሸጉትን ሣጥኖቹን አየ። ትከሻውን ነቅንቆ አምፖሉን አጠፋ። የተነሳ ሰው የለም። የእነሱ ሰው የተነሳላቸው ሴቶች እናቴን ላለማየት ወደ መሬት አቀረቀሩ።

እናቴ አስተርጓሚውን «አይቀጥልም?» አለችው።

ጣሊያኑን አየ፤ መልሶ እሷን አየ።

«አይቀጥልም፣ እህቴ።»

በእኛ ልማድ መርዶ በማለዳ በሽማግሌዎች አፍ ነው የሚነገረው። የአባቴ መርዶ ግን ከሰዓት በኋላ በአስተርጓሚ ተነገረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሾ አውራጇ ምላጭ ይዘው ወደ ጓሯችን መጡ። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንደምትላጨው ተላጨች። ጸጉሯን ለቅሜ በጨርቅ የቋጠርኩት እኔ ነኝ። ሲያልቅ እጄን ይዛ ራሷ ላይ አደረገችው። እንደ ሕፃን ራስ ለስላሳ ነበር፤ ይሞቃል።

«ሰው ከጠየቀሽ ቅማል ነው በይ» አለችኝ።

በማግስቱ አስተርጓሚው በደጃችን ሲያልፍ እናቴን አያት። ጠጋ ብሎ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቅማል ነው አልኩት። ቆቡን አውልቆ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም በእጁ እንደያዘው መንገዱን ሄደ።