ማህተም ያልተመታበት ጋዜጣ

የኮሌጃችንን ቤተ መጻሕፍት የጋዜጣ ክፍል የምትጠብቀውን ሴት ተማሪዎቹ «እትዬ ማህተም» ይሏታል። ማህተም ያላረፈበትን ጋዜጣ ለማንም አትሰጥም፤ ራሷም አትገልጠውም። ባለፈው ሳምንት የማህተሙ ቀለም አለቀና ጋዜጦቹ መሳቢያ ውስጥ ተከመሩ።

«እትዬ ማህተም፣ ዜናው ሽበት ሊያወጣ ነው እኮ» አልኳት፣ እንደ ተማሪዎቹ።

«ሽበትማ ያስከብራል አባባ፤ እርስዎን አላይም እንዴ?»

ቀለሙ ዛሬ መጣ። ማህተሙን እየመታች ሳለ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከጋዜጦቹ አንዱ የሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሊዘጋ መታሰቡን ይናገራል፤ ተቃውሞ ያለው ነዋሪ ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ቀርቦ እንዲያስረዳም ይጋብዛል። ማክሰኞ ትናንት ነበር። እናቷ የስኳር መርፌዋን የምትወጋው እዚያ ነው፤ ከዚያ አልፋ ለመሄድ ጉልበቷ አይችልም።

ማዘጋጃ ቤት ደወለች።

«የተቃወመ ሰው ስላልነበረ ጸድቋል» አላት አንድ ድምፅ።

«እኔ እቃወማለሁ» አለች። ስልኩ ግን ተዘግቷል።

ሰው በስንፍናው ሲጎዳ የሚወቅሰው አያጣም፤ በጥንቃቄው ሲጎዳ ግን ማንን ይወቅሳል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልላት ብዬ ተውኩት። እሷ መቼ አጣችው?

ስልኩን አስቀምጣ ማህተሙን መታች። ተራ ስጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝና ጋዜጣውን አጥፋ ሰጠችኝ።