ወለንጪቲ ሄዶ መደወል

ባለፈው ወር ከአዳማ ወደ ዝዋይ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ረዳቱ ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ከሾፌሩ በላይ የተሰቀለችውን ቴሌቪዥን ከፍቶ አንድ የሩቅ ምሥራቅ ፊልም ለቀቀብን። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ሆዳቸው የተነፋ ስለነበር የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ግድም የተሠራ መሆን አለበት። አንዲት ቀጭን ልጅ የትልቅ ኩባንያ ምሥጢር በኮምፒዩተር ሰብራ ትገባለች፤ ያገኛትን ዘበኛ ሁሉ በእርግጫ ታጋድማለች፤ ከፎቅ ፎቅ እየዘለለች ፀጉሯ እንኳ አይበተንም። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቲማቲም ልትጭን የምትሄድ ነጋዴ ነበረችና ብዙም ሳትቆይ አንኮራፋች። እኔ ግን ልጅቷ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰው ስልክ መስማት ስትጀምር ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ፣ አንድም ሰው በማያውቀኝ አውቶቡስ ውስጥ፣ በማላውቃት ተዋናይት የተነሳ የምገባበት ጠፋኝ።

እናቴ ጥሩወርቅ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ያኔ ከከተማው ውጭ መደወል የፈለገ ሰው ስልክ ቤት ሄዶ፣ የሚፈልገውን አገርና ቁጥር በመስኮት ተናግሮ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ገመዱን ካንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ እየሰካች መስመር ስትለምን ትቆይና፣ ሲገኝላት «ድሬዳዋ፣ ቁጥር ሁለት ይግቡ» ትላለች፤ ባለጉዳዩም ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ድሬዳዋ ድረስ ያለ ስልክ ለመሰማት የፈለገ ይመስል እየጮኸ ያወራል። መስመሩ እንዳይቋረጥ መሐል መሐል ገባ ብላ ማዳመጥ ሥራዋ ነበር። ማታ ቤት ስትገባ የማዳመጫው ብረት ፀጉሯ መሐል ቦይ አውጥቶበት፣ ልብሷ የሞቀ ላስቲክ እየሸተተ፣ ድምጿ ሻክሮ ነበር የምትመጣው፤ ያም ሆኖ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ለእራት የምትጠራን «እራት፣ ቁጥር አንድ ይግቡ» እያለች ነበር፤ እኛም ቁጥር አንድ እኔ ነኝ እኔ ነኝ እየተባባልን በሩ ላይ እንጋፋ ነበር። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ስለነበር ቤታችን የእናቴ ቤት ነበር ማለት ይቻላል፤ ሰፈሩም እኔን የሚጠራኝ በስሜ ሳይሆን «የጥሩዬ ልጅ» እያለ ነው፤ እንዲያ ስባል ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው የአፈሳ ጊዜ ነበር። ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ ልጇን ብሔራዊ ውትድርና እንዳይወስድባት ገጠር ዘመድ ቤት ትልክና፣ ደህንነቱን በስልክ ትጠይቃለች፤ ግን «ልጄ» ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል ሁሉም «በሬው» ይል ነበር። በሬው ሣር በላ ወይ፣ በሬውን ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ በሬው ክረምቱን እዚያው ይክረም። ክፍሎቹ ሳንቃ ስለነበሩ ወሬው አግዳሚው ድረስ ይሰማል፤ ዶሮ እንኳ ያላረባ የናዝሬት ሰው ሁሉ ከብት አርቢ ሆኖ እርፍ አለ። ከጎናችን የምትኖረው እትዬ ብዙነሽም፣ ባሏ የሞተባት፣ እንጀራዋን በልብስ ስፌት የምትበላ ሴት፣ አንድ ልጇን መስፍንን ኩየራ ወንድሟ ጋሽ ለማ ዘንድ ደብቃ፣ በየሳምንቱ ስለ በሬዋ ትደውል ነበር። እናቴ ደግሞ መስመር ስትፈልግላት ከሌላው ሰው አስቀድማ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን የእናቴ የሥራ ባልደረባ፣ ዋናዋ ተዋናይት የስልክ ኦፕሬተር የሆነችበት የሰላይ ፊልም ከወደ ቻይና መጥቶ ሲኒማ ቤት ሊታይ ነው ብላ ነገረቻት። እናቴ ያን ሳምንት መሬት አልበቃትም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔንም የጎረቤት ሴቶችንም አስከትላ፣ «የኔንም ሥራ እዩልኝ» ብላ የሁሉንም ትኬት ቆርጣ ገባን። እትዬ ብዙነሽ ሲኒማ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበርና፣ ነጠላዋን ልታስተካክል ብድግ ስትል ወንበሩ ከበስተኋላዋ ታጠፈ፤ ስትቀመጥ መሬት ላይ ሆነች፤ ሳቃችን ሳያልቅ መብራቱ ጠፋ። ያመጣችው ቆሎ በየእጃችን ዞረ።

ፊልሙ ማናችንም በማናውቀው ቋንቋ ነበር፤ ከታች የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ማንንም አልጠበቀም። ልጅቷ በእውነትም እንደ እናቴ ማዳመጫ አጥልቃ ገመድ ትሰካለች፤ ያኔ እናቴ በክርኗ ግራና ቀኟን ጎሰመች። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ከልጇ ጋር በስልክ ታወራለች፤ ኦፕሬተሯ ትሰማለች፤ ማዳመጫዋን አውልቃ ሄዳ ጥቁር መነጽር ላደረገ ሰውዬ ጆሮው ላይ ታንሾካሽካለች፤ ወዲያው ልጁን ጥቁር መኪና ውስጥ ወርውረው ይዘውት ይሄዳሉ። ልጁ ወንበዴ ነበር መሰለኝ፣ አዳራሹ በፉጨትና በጭብጨባ ተናጋ። የኛ ረድፍ ብቻ አላጨበጨበም። እትዬ ብዙነሽ ቆሎ ማኘኳን አቆመች። ስንወጣ ፀሐዩ ገና ነበር፤ ጋሪዎቹ ተሳፋሪ እየጠሩ ነበር፤ ሁላችንም አንድ መንገድ እየሄድን ሴቶቹ አንድም ነገር ሳይናገሩ ሰፈር ደረስን። እናቴ ፊልሙ አልጣማቸውም ብላ ነበር ያሰበችው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ እናቴ ስትገባ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። ፊልሙን ያላዩት ሁሉ ካዩት በላይ አወቁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሴቶቹ ስልክ ቤት መምጣት ተዉ፤ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አቧራ ጠጥተው ወለንጪቲ እየሄዱ ከዚያ መደወል ያዙ። የወለንጪቲ መስመር ግን ወደየትም ሲሄድ መጀመሪያ የሚመጣው ናዝሬት ነው፤ እናቴ እጅ ላይ ተሰክቶ ነው የሚያልፈው። ማለዳ በሯ ላይ አይታ ሰላም ያለቻት እትዬ ብዙነሽ፣ ረፋዱ ላይ ጆሮዋ ውስጥ «በሬው እንዴት አደረ?» ትላለች። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ነበር። ኋላ ሳቋ ጠፋ። ልንገራቸው ብትል፣ መንገር ማለት ስሰማችሁ ነበር ማለት ሆነባት፤ ዝም ብትል ደግሞ እነዚያ ሴቶች በፀሐይ ሲንከራተቱ እያየች ነው። ዝም አለች፤ የእትዬ ብዙነሽ ድምፅ ሲመጣ ግን ማዳመጫውን ካንድ ጆሮዋ ትገፋው እንደነበር ብዙ ቆይታ ነግራኛለች።

በዚያው ዓመት መስፍን ኩየራ ላይ ተያዘ። እትዬ ብዙነሽ በመጀመሪያ እናቴን አልጠረጠረችም፤ ብልጥ ሆኜ አምልጫታለሁ ብላ ነው የምታስበው። ኋላ ነው የወለንጪቲው ስልክ ቤት ሰው የመስመሩን መንገድ የነገራት። ያን ዕለት የሰፈር ልቅሶ ነበር፤ እናቴ ከዕድሩ ሴቶች ጋር ድንኳኑ አጠገብ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ ውሃ አቀብላታለሁ። እትዬ ብዙነሽ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታጠልቅ መጥታ ፊቷ ቆመች።

«ወለንጪቲ ሄጄ ያወራሁትን ሰምተሻል አልሰማሽም?» አለቻት።

እናቴ አልሰማሁም ብትል ማን ይመሰክርባት ነበር? እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ «ሰምቻለሁ» አለች፤ «ግን ከአፌ አልወጣም፣ እትዬ።»

ከሁለቱ ቃል የተሰማው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሴቶቹ አልሰደቧትም፤ ሳህኑን ብቻ ከፊቷ አነሱባት። አንዷ እኔ የያዝኩትን የውሃ ጆግ ሳይቀር ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን በሕይወቴ የለም። ትምህርት ቤት ስሜ «ማዳመጫ» ሆነ፤ እኔ ስደርስ ጣታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጉ ነበር። በሰፈሩ መሐል ማለፍ ስለከበደኝ፣ በባቡር ሐዲዱ በኩል፣ ጠጠሩ በፀሐይ እየጋለ ጫማዬን አልፎ እያቃጠለኝ፣ ዞሬ እገባ ነበር። «የጥሩዬ ልጅ» የሚለኝ ሰው ሲገኝ እንኳ እንደ ስድብ ይሰማኝ ጀመር። እናቴ ግን በየወሩ የዕድሩ ስብሰባ ትሄዳለች፤ ጥግ ትቀመጣለች፤ ትመለሳለች።

ደርግ የወደቀ ጊዜ መስፍን መጣ። ከሰሜን ጀምሮ በእግሩ የመጣ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ ብቻ የቀረ ልጅ። እናቱ በእልልታ ጎዳናውን ሞላችው። በሳምንቱ አንድ ቀትር ላይ በጓሮ በኩል እኛ ቤት ገባና፣ እኔ እያለሁ፣ «እትዬ ጥሩ፣ ወታደሮቹን ይዞ የመጣው አጎቴ ነው። በሩንም የከፈተላቸው እሱ ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

መስፍን የተያዘ ዕለት ጋሽ ለማ ከኩየራ ናዝሬት ላለ ባለሥልጣን ዘመዱ ደውሎ፣ «የእህቴን በሬ አስረክቤያለሁ፤ እንግዲህ የኔን ተዉልኝ» እያለ ሲያለቅስ እናቴ መስመሩ ላይ ነበረች። የራሱ ልጅ ተራ ደርሶ ነበር።

«ታዲያ እንዲያ ሲያዋርዱዎት ለምን ዝም አሉ?» አላት መስፍን።

«እናትህ ባል የላት፣ እህት የላት፤ ያላት አንድ ወንድም ነው። ልጇ ተወስዶባት፣ ወንድሟን ደግሞ እኔ ልውሰድባት?» አለችው። «አንተም አትነግራትም።» መስፍን አንገቱን ደፋ።

እትዬ ብዙነሽ ልጇ በመመለሱ ልቧ ራርቶ እናቴን ይቅር ልትል ሽማግሌ ሰበሰበች። ድግስ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ነበር። ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ከወንበሮቹ ሁሉ ትልቁ ላይ፣ ከኩየራ የመጣው ጋሽ ለማ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። እንደ ወጉ በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሽማግሌ ከትከሻው ያወርድለታል። ድንጋዩ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ጋሽ ለማ እጁን አነሳና፣ «ድንጋዩ ይቅርላት፤ የሰው ልጅ ይሳሳታል» አለ። ሰዉ በደግነቱ ተደንቆ አንሾካሾከ። መስፍን ግድግዳውን ተደግፎ ጫማውን ያያል።

እናቴ ቀና ብላ ጋሽ ለማን አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ሰተት ብላ ገብታም ሌሎቹን ሽማግሌዎች አልፋ ፊቱ ቆመች። ከሱ በቀር ሊያወርድላት የሚችል አልነበረም። ሲያወርድላት ድንጋዩ ከእጁ አመለጠው፤ ሰዎቹ በእርጅናው አመካኙለት። እናቴ እትዬ ብዙነሽን ጉልበቷን ስማ «ይቅር ለእግዜር» አለች፤ እልልታው ቤቱን ሞላው። እኔ ለማልቀስ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ በማን እንደማፍር ግን አላወቅኩም፤ ዛሬም አላውቅም።

ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ጎረቤት ነበሩ። በሠርግም በሐዘንም ተጠራሩ፣ ካንድ ሳህን በሉ፣ እናቴ ስታርፍም እትዬ ብዙነሽ ደረቷን እየደቃች አለቀሰችላት። ስለ ወንድሟ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ፊልሙን ሳናይ በፊት ግን የሰፈራችን ሰው ለልቅሶም ሆነ ለንግሥ ራቅ ብሎ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ እናቴ ዘንድ አስቀምጦ ነበር የሚሄደው፤ ከበራችን ኋላ ካለው ሚስማር ላይ የሰው ቁልፍ የሚጠፋበት ጊዜ አልነበረም። ከይቅርታው በኋላም መንገድ ሲወጡ ብቅ ብለው ይሰናበቷት፣ ጉንጯን ይስሟት ነበር፤ ቁልፋቸውን ግን ይዘው ይሄዱ ነበር።