መድኃኒት የተባለው ገብስ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ሰውን የሚለዩት በዘሩ አይደለም፤ በእህሉ ነው። ጎንደር ከተማ ለምራትነት በገባሁ በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው መረመሩኝ። የማን ልጅ መሆኔን እንኳ አልጠየቁም።

«ምን በልተሽ አደግሽ?»

«ገብስ» አልኳቸው። ከዳባት ወዲያ ከደጋው ነኝ። እዚያ ጤፍ ቢዘሩት ውርጭ ይፈጀዋል፤ ጥቁሩ ገብስ ለጠላና ለከብት፣ ነጩ ለሰው ሆኖ ይኖራል።

«ሸጋ ነው» አሉ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው። «ፈረስም ይወደዋል።»

አማቴ በዚህ ጉዳይ ሊቅ ናቸው። በእሳቸው ትምህርት የሳንጃ ቆላ ሰው ማሽላ ስለሚበላ ቁመቱ ረዥም፣ ትዕግሥቱ አጭር ነው። የደጋ ሰው ገብስ ስለሚበላ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ነገርም የሚገባው ዘግይቶ ነው። ነጭ ጤፍ የበላ ደግሞ አስተዋይ፣ ጣቱ ቀጭን፣ አነጋገሩ የታረመ፣ ባጭሩ አማቴን የሚመስል ነው።

የሚያናድደኝ ነገሩ በከፊል እውነት መሆኑ ነው። ደጋው ላይ እኛ ቤት ወጡ ከምድጃ ወርዶ ሌማቱ ላይ እስኪደርስ ይቀዘቅዛል፤ ቀስ ብሎ የሚበላ ልጅ ቀዝቃዛ ወጥ ይተርፈዋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ቶሎ ቶሎ እበላለሁ። «ማን ያባርርሻል?» ይሉኛል አማቴ። እሳቸው አንዷን ጉርሻ አላምጠው እስኪውጡ እኔ እጄን ታጥቤ እቃ አነሳለሁ። ስንናገርም አፋችንን ብዙ አንከፍትም፤ ብርድ ይገባል። ይህን ጭምትነት መስሏቸው «ምራቴ ጨዋ ናት» ብለው ለጎረቤት አሞግሰውኛል። ገብስ በዚያ ቤት ያተረፈልኝ ምስጋና ይኸው ብቻ ነበር።

«ገብስ የእህል ንጉሥ» ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ ንጉሥ ግን ሌላ አላውቅም። እኔም ብሆን ደብቄዋለሁ።

ኮሌጅ ልማር ጎንደር የመጣሁ ጊዜ ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ስንቅ ይዛልኝ መጣች፤ የገብስ እንጀራ፣ በሶና አንድ ከረጢት የገብስ ዱቄት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመንገዱን አቧራ ከነጠላዋ ሳታራግፍ ልጆቹ ገቡ። አንዷ ከረጢቱን ከፈት አድርጋ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«የአከራያችን ላም ፉርሽካ ነው» አልኩ።

ልጆቹ እናቴን አዩአት። እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ «አዎ፣ የላሟ ነው» አለች።

ዳግመኛ ገብስ ይዛልኝ አልመጣችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ይህን ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

አምና አዲስ ጫማ የአማቴን የግራ እግር አውራ ጣት ላጠው። ቁስሉ ሳምንት ሞላው፣ ወር ሞላው፤ አልድን አለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸውና ስኳር ተገኘባቸው። አማቴ ደስ አላቸው ብል ማን ያምነኛል? በእሳቸው ሰፈር ስኳር የባለጸጋ በሽታ ነው። ስንመለስ ለባጃጁ ሹፌር ሳይቀር ነገሩት። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ደልቶን ኖርን፣ ስኳር ያዘን» አሉት።

ያልነገሩት ምክሩን ነው። ሲስተሯ ኪኒኑን ከሰጠቻቸው በኋላ ጣፋጭ እንዲተዉ፣ ነጭ ጤፉንም ቀንሰው በገብስ እንዲለውጡ መክራቸው ነበር። «ይህ ቁስል ካልደረቀ ጣትዎን፣ ከዚያም እግርዎን ሊያጡ ይችላሉ» አለቻቸው።

«እኔን ገብስ?» አሉ አማቴ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?»

እግር ከማጣትና ገብስ ሲበሉ ከመታየት የትኛው እንደሚብስ ሦስት ቀን አሰቡበት። በመጨረሻ ተስማማን። እኔ ከገበያ ገብስ እገዛለሁ፤ እሳቸው በር ዘግተው ይበላሉ፤ ስሙም «መድኃኒት» ይባላል። ጎረቤት ተቀምጦ ሳለ «አንች፣ መድኃኒቴን አምጭልኝ» ይሉና ወደ ጓዳ ይገባሉ። መድኃኒቱን የሚወስዱት በሽሮ ነበር። መድኃኒት አስጨምሮ የሚወስድ በሽተኛ ከእሳቸው በቀር አይቼ አላውቅም።

ቁስሉ ጫፍ ጫፉን መድረቅ ጀመረ። ልክ በዚያን ጊዜ የማርያም ማኅበር ተራቸው ደረሰ። ማኛ ጤፍ ተገዛ፤ የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ ሆነና የገብሱ እንጀራ በጨርቅ ተሸፍኖ ወደ ጓዳው ጥግ ተሰደደ። አማቴ ልቅመሰው እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ነጩን በሉ። በአራተኛው ቀን ፋሻውን ስፈታ ጣታቸው አብጧል፤ ቁስሉም እንደገና እዥ ማውጣት ጀምሯል። እሳቸውም አይተውታል።

«ማኅበሩ ብቻ ይለፍ» አሉኝ።

«እግርዎስ?»

«እግሬን ማን ያየዋል? ሌማቴን ነው የሚያዩት።»

በማግሥቱ ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ማዕዱ ቀረበ። ገና መብላት ሲጀመር አንዷ ወይዘሮ አፍንጫዋን ወደ ጓዳው አቅንታ «ገብስ ገብስ ይሸተኛል ልበል?» አለች።

አማቴ ወደ እኔ ጠቆሙ። «የምራቴ ነው። ያደገችበትን አልተው ብላ። ምን ላድርጋት?»

ሴቶቹ ሳቁ። «እውነት ነው ልጄ?» አለችኝ ወይዘሮዋ።

ደሜ ፈላ። ብርድ ይገባል ሳልል አፌን በሰፊው ከፍቼ የዚያን «መድኃኒት» ታሪክ ከሥሩ ልዘረግፈው ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ሳለ አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ፊቴ ድቅን አለች። እሷም ያን ቀን ልታዋርደኝ ትችል ነበር። አፈርኩ፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ገና አሁን አፈርኩ።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አልኩ።

ጓዳ ገብቼ የገብሱን እንጀራ ከነሽሮው አወጣሁና መሀላቸው ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ፤ እንደ ልማዴ ቶሎ ቶሎ። ሴቶቹ ሳቃቸውን ሲጨርሱ አንድ ጉርሻ ጠቀለልኩና ወደ አማቴ ዘረጋሁ።

«እምየ፣ በሞቴ።»

በሞቴ ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። አማቴ እጄን አዩ፤ ማኅበርተኞቹን አዩ፤ ከዚያ በቀሚሳቸው ጫፍ የተሸፈነውን እግራቸውን። «ላንች ስል እንግዲህ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

«አንድ ያጣላል» አልኩና ሁለተኛውን አስከተልኩ። ከዚያ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን።

«ኧረ በቃኝ» ይላሉ፤ አፋቸው ግን አልተዘጋም። ያች አፍንጫዋ የማይስተው ወይዘሮም «እስኪ ለእኔም አንድ» አለች። የእሷንም ጓዳ ጠረጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ገብስ በአደባባይ ይበላል። ቁስሉ ደርቋል፤ ጣትም እግርም ተርፏል። አማቴ ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ያዳነኝስ ጸበሉ ነው፤ ገብሱን ለምራቴ ብየ ነው የምበላላት» ይላሉ። ይበሉ ብቻ።

የገበያው ገብስ ግን አሸዋ በዛበት። ከእናቴ ጋር በየሳምንቱ እንደዋወላለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጉልበቷ እናወራለን፤ ገብስ አንስተን ግን አናውቅም። ባለፈው ሰንበት ደፍሬ «እማ፣ ትንሽ ገብስ ብትልኪልኝ» አልኳት።



«ምነው፣ ላም ገዛችሁ እንዴ?» አለች።

«አይ እማ፤ ልንበላው ነው» አልኩ እንደምንም።

«ለሰው ከሆነማ» አለች እናቴ፣ «ነጩን ነው የምልክልሽ።»