ከቃሉ ፊት ያለችው «አን»

አጎቴ በአሰበ ተፈሪ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ረጅም ቃል ሲከብደኝ፣ «አትፍሪው፤ መጀመሪያ ሥሩን ፈልጊ» ይሉኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ለነርስነት ትምህርት አመለከትኩ። መልሱ እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና መጣ። ደብዳቤው ውስጥ «አንፎርቹኔትሊ» የሚል ቃል አየሁ። ሥሩ «ፎርቹን» ነው፤ ዕድል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ዕድሌ ቀና!» ብዬ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ ምንም ሳይሉ አቀፉኝ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

በማግስቱ ጠዋት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ሥሩን በትክክል አግኝተሻል። ከፊቱ ያለችው ‹አን› ግን ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። አልተቀበሉሽም፣ ልጄ» አሉኝ። ሁለት ፊደል ያን ሁሉ ደስታ እንዴት እንዳጠፋው ግራ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ግራ ያጋባኝ ግን የእሳቸው ዝምታ ነው። ለምን አንድ ቀን ሙሉ በከንቱ እንድደሰት ተዉኝ? አዝነውልኝ ነው ወይስ መናገር አቅቷቸው? ልጠይቃቸው እያሰብኩ ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው።

ለቀስተኛው ሲሄድ እናቴን ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድሜን ራሱን ጠይቂው እንጂ» አለችኝ።

ወዲያው በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።