ዝም የሚለው አውቶቡስ

ሐረር ውስጥ ፔጆ ታክሲ ስነዳ ብዙ ዘመን ስለኖርኩ ከዓይኔ ይልቅ ጆሮዬን አምን ነበር። ሞተሩ ምን እንደጎደለው ከድምፁ አውቃለሁ፤ በዚህም ጉራዬ አይጣል ነው። ባጃጅ ከተማውን ሲሞላው ፔጆዬን ሸጥኩ። ኋላ በናፍጣም በባትሪም የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ለሙከራ መጣና ሹፌር ተፈለገ። ተቆጣጣሪው፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን የሐረር ሰው፣ አንድ ቀን አብሮኝ ውሎ ሊወስን ነው። እሱ ካልተቀበለኝ የምይዘው ሌላ መሪ አልነበረኝም።

ከፈላና በር ሰው ጭነን ወደ ሐኪም ጋራ ወጣን። ዳገቱ መሃል ጫት የያዙ አንዲት እናት እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ቆምኩላቸው። ገብተው ከመቀመጣቸው ሞተሩ ጸጥ አለ። የኔም ልብ አብሮት ቀጥ አለ። ፍሬኑን እንደረገጥኩ "ታኮ!" ብዬ ጮህኩ።

በኛ ከተማ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፔጆ ዳገት ላይ ሲጠፋ አንዱ ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያደርጋል፣ የቀረው ይገፋል፤ ለምን የሚል የለም። አውቶቡሱ ወዲያው ባዶ ሆነ። ከእናትየዋ በቀር ሁሉም ከኋላ ተደርድሮ ይገፋ ጀመር። አበቃልኝ እያልኩ ነዳጁን ነካ ባደርገው ያን የሚያህል ብረት ኮሽ ሳይል ሽቅብ ሄደ።

"ሱብሃነላህ" አሉ እናትየዋ ቀስ ብለው።

በመስታወት ሳይ ገፊዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ተቆጣጣሪውም መሃላቸው አለ። አቆምኩላቸው። እሱ የመዳፉን አቧራ እያራገፈ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ነገ ልምጣ?" አልኩት።

"ይምጡ" አለኝ እያለከለከ። "ዝም ሲል ግን በባትሪው ነውና አይጥሩን።"

በማግስቱ እኚያው እናት እዚያው ዳገት ላይ ሊወርዱ ብድግ አሉ። ቆምኩ፣ ሞተሩም ዝም አለ። የተነቃነቀ ሰው የለም። የራሴን ትንፋሽ እንኳ እሰማው ነበር።

"አላህ እጅህን ይጠብቅልህ ልጄ፣ በሰላም ያግባህ" ሲሉ ሰማኋቸው።

በፔጆው ዘመን እናቶች ሊወርዱ ሲሉ በሞተሩ ጩኸት መሃል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በመስታወት አያለሁ። በአነዳዴ የሚያማርሩ ይመስለኝና በሆዴ እየተሳደብኩ መንገዴን እቀጥላለሁ። ለካስ ያን ሁሉ ዓመት ሲመርቁኝ ኖረዋል።